የቱሉ ዲምቱውን ሳውንድ ማን ሳላመሰግን አላልፍም

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። ይሄን ጽሁፍ ከበዓሉ በፊት ልጽፈው ነበር፣ የበዓል ጉድ ጉድ አላስቀምጥ አለኝ። አሁን እንግዳውም ሄዷል፣ ቤቱም ጸጥ ብሏል፣ ስለዚህ የልቤን ልናገር።

ጳጉሜን ላይ የሰፈራችን ወጣቶች እዚህ ቱሉ ዲምቱ፣ ከብሎኮቹ መሀል ያለው ሜዳ ላይ፣ ለተቸገሩ ልጆች ደብተርና ቦርሳ መግዣ ኮንሰርት አዘጋጅተው ነበር። እኔም ከአስተባባሪዎቹ አንዷ ነበርኩ። የመጣችሁ ታውቃላችሁ። ከዘፋኞቹና ከተወዛዋዦቹ ጋር ተቃቅፋችሁ ፎቶ የተነሳችሁ ብዙ ናችሁ፣ ድምፁን የሠራውን ልጅ ግን ልብ ያለው ሰው የለም። እኔ ላመሰግን የፈለግኩት እሱን ነው። ስሜን አትጻፊ ብሎኛል፣ አልጽፍም። ስልኩን ግን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። እድሜና ጤና ይስጥህ።

ለአንድ ሳውንድ ማን ይሄ ሁሉ ምስጋና ምንድነው የሚል ካለ፣ ከዚህ በፊት የደረሰብንን ስላላየ ነው።

ከከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር ሰው ይረዳኛል። ሳውንድ ሲስተም ለመከራየት ስትደውሉ መጀመሪያ የምትጠየቁት "የት ነው?" ተብሎ ነው። ቱሉ ዲምቱ ስትሉ ስልኩ ዝም ይላል። ከዚያ "ውይ፣ እዚያ ድረስ? እሱማ ትራንስፖርቱ ለብቻ ነው" ይመጣል። እኛ እኮ የአዳማ ፈጣን መንገድ መግቢያ ላይ ነን! አዳማ የሚወርደው መኪና በደጃችን ነው የሚያልፈው። ሞንታርቦ ጭኖ ለመምጣት ሲሆን ግን የዓለም ጫፍ ላይ ያለን ይመስላቸዋል።

በፊት ያዘጋጀነው ዝግጅት ላይ የመጣው ሰውዬ መቼም አይረሳኝም። የእሱንም የድርጅቱንም ስም አልጠራም፣ ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ። ቀብዱን ገና ስንነጋገር ነው የተቀበለን። በጠዋት እደርሳለሁ ብሎ ሰው ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ መጣ። ያመጣው ዕቃ ገመድ አልባ ዲጂታል ሚክሰር የሚባለው፣ የማይኮቹን ድምፅ አቀላቅሎ ወደ ሞንታርቦ የሚልከው፣ በታብሌት የሚታዘዘው ነው። "ይሄ ዘመናዊ ነው፣ ሁሉም ነገር በዋይፋይ ነው" ሲለን እኛም እሰይ አልን። ቶሎ ቶሎ ሲሞክረው ምንም አላለም። ሰው ግጥም ብሎ ሞልቶ፣ አንዲት የሰፈራችን ልጅ ማይክ ይዛ ገና አፏን ስትከፍት ግን ሲጢጥ የሚል ጩኸት ተነሳ። ጆሮ የሚያደነቁር። ሰውዬው ታብሌቱን ይነካካል፣ ይነካካል፣ አይታዘዝም። ግንኙነቱ ተቋርጧል። ሚክሰሩ ደግሞ እንደ ድሮዎቹ በእጅ ወደ ታች የሚሳብ ነገር የለውም፣ ዝም ያለ ሳጥን ነው። እናቶች ጆሯቸውን ይዘው፣ ሕፃናት እየጮሁ፣ በመጨረሻ አንዱ ጎረምሳ ሮጦ ሶኬቱን ነቀለው። ልጅቷ እያለቀሰች ነው ከመድረክ የወረደችው። ሰውዬው ምን ቢል ጥሩ ነው? "ኔትወርክ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?" ይቅርታ የለም፣ ማፈር የለም። ማታ ቀሪውን ክፍያ አንድ ብር ሳይቀንስ ተቀብሎ ሄደ።

ሰበታ የዘመድ ሰርግ ላይ ያየሁትን ደግሞ ብተወው ይሻላል። ሳውንድ ማኑ ትልቅ ሚክሰር ይዞ ከሞንታርቦው ጀርባ ተቀምጦ፣ ፊት ለፊት ያለው ሰው ምን እንደሚሰማ እንኳን አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ አንድ ቃል አልተሰማም። ምርቃት ሳይሰማ ሰርግ አለ?

ስለዚህ ዘንድሮ ወጣቶቹ "አንድ ልጅ አለ፣ እዚሁ ሰፈር ነው የሚኖረው፣ እሱም በታብሌት ነው የሚሠራው" ሲሉኝ ሆዴ ፈራ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ። አይሆንም አልኩ። ልጁ ይሄን ሰምቶ፣ አልተቀየመም፣ በዋዜማው ራሱ መጣ። ክፍያ ሳይጠይቅ ሜዳውን ዞረ። ሰው የት ነው የሚቀመጠው? መብራቱ ከየት ነው የሚመጣው? አዛውንቶች ይመጣሉ ወይ? ድንኳኑ የእድር ነው ወይስ የኪራይ? ዝናብ ቢመጣ መድረኩ ያፈስሳል? እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሳውንድ ማን በሕይወቴ አላጋጠመኝም። ሌሎቹ የሚጠይቁት ምሳ አለ ወይ ብቻ ነው።

ከዚያ ሳጥኑን አወጣ። ትንሽ፣ ጥቁር ነገር ናት። ቤሪንገር ኤክስ ኤር 18 ትባላለች፣ 16 ማይክ ትቀበላለች፣ ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ። ዘፈን ከፈተና "አይዞሽ እህቴ፣ እዪ" ብሎ ታብሌቱን ዓይኔ እያየ ድርግም አድርጎ አጠፋው። ዘፈኑ ቀጠለ። ምንም አልሆነም። እኔ ድምፁ ራሱ በዋይፋይ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር፣ ያ ሰውዬ "ሁሉም ነገር በዋይፋይ ነው" ብሎ ነግሮን የለ! ማይኩም ሞንታርቦውም በገመድ ነው ሳጥኑ ላይ የሚሰካው። ታብሌቱ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት ነው፣ በአየር የሚሄደው ትእዛዙ ብቻ ነው። ሪሞቱ ቢጠፋ ድምፁ ባለበት ይቀጥላል። ያን ጊዜ ጩኸቱ ያላባራውም ለዚህ ነው፣ ድምፁ ባለበት ቀጥሎ ዝቅ የሚያደርገው ሰው ግን መንገዱ ተዘግቶበት። ልጁ እንዳለኝ ከሆነ የዚህ መድኃኒቱ ቀድሞ መዘጋጀት ነው። ሰው ሲሞላ የሁሉም ስልክ ኪሱ ውስጥ ሆኖ ዋይፋይ ይፈልጋል፣ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው መንገድ ይጨናነቃል፣ የሰው ገላ ራሱ ሞገዱን ይውጠዋል። ሰው ገና ሳይሞላ ደህና የሠራው ግንኙነት፣ ሜዳው ሲሞላ ለምን እንደሚጠፋ ያኔ ገባኝ።

እሱ የራሱን ራውተር፣ ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ዕቃ፣ ይዞ መጣ፣ 5 ጊጋኸርዝ በሚባለው እንዲሠራ አደረገው፣ ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። ሚክሰሩንና ራውተሩን ዩፒኤስ ላይ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ላይ፣ ሰካቸው። ከመድረክ እስከ እሱ መቆሚያ ድረስ ደግሞ አንድ ረጅም የኔትወርክ ገመድ በሜዳው ዳር ዘርግቶ፣ ሰው እንዳይጠልፈው በፕላስተር አጣበቀው። ገመድ አልባ ካልክ ይሄ ገመድ ምንድነው ብዬ ጠየቅኩት። "ይሄ ዋይፋዩ የሚከዳኝ ቀን ሲመጣ ነው" አለኝ።

ቀኑም መጣ። ዘፋኙ መድረክ ላይ ነው፣ ሰዉ አብሮ እየዘፈነ እስክስታውን ይመታል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ታብሌቱ ላይ ያሉት አረንጓዴ መስመሮች መዝለላቸውን አቁመው ቀጥ አሉ። እኔ ደሜ ቀዘቀዘ። እሱ ፊቱ እንኳን አልተለወጠም። ታብሌቱን አስቀመጠ፣ የዚያን ገመድ ጫፍ አነሳ፣ ጎኑ ተከፍቶ የተቀመጠው ላፕቶፕ ላይ ሰካው፣ በዚያው ቀጠለ። ዘፋኙ አላወቀም። ሰዉ አላወቀም። አንድ ስንኝ እንኳን አልተበላሸም። ኋላ መብራት ሲሄድም እንደዚሁ ነው። ሞንታርቦው ዝም አለ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ጠበቅን፣ ሲነሳ ግን ሚክሰሩ ስላልጠፋ ሁሉም ነገር እንደነበረ ቀጠለ።

ይሄ ሁሉ ሙያው ነው። እኔን ያስለቀሰኝ ግን ሌላ ነው።

በብሎካችን ማሲንቆ የሚጫወቱ አንድ ጋሼ አሉ። በየዝግጅቱ ይጠራሉ፣ በየዝግጅቱ ኪቦርዱ ይውጣቸዋል። ማሲንቆ አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ናት፣ ኪቦርድና ድራም አጠገብ ምን ኃይል አላት? እሳቸውም ለምደውታል። ሙከራው ላይ ተራቸው ሲደርስ "እኔን ተወኝ ልጄ፣ የኔ አይሰማም፣ የልጆቹን አስተካክል" አሉት። ልጁ ታብሌቱን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። በዚያ ጭቃ በተረጋገጠ ጣውላ ላይ ተንበረከከ። ከማሲንቆው ቆዳ አጠገብ ትንሽ ማይክ በጥንቃቄ አሰረ፣ "ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይምቱልኝ" አለ። እሳቸው መቱ። እሱ በጣቱ ቀስ እያደረገ እግራቸው ስር ካለው ሞኒተር፣ ተጫዋቹ ራሱን ከሚሰማበት ድምፅ ማጉያ፣ ድምፁን ጨመረላቸው። ትንሽ ጨመረ፣ ፊታቸውን አየ። ደግሞ ጨመረ። ጋሼ ቀና አሉ። የራሳቸውን ማሲንቆ ከዚያ ሁሉ መሣሪያ መሀል ለይተው ሰሙት። "በቃ፣ በቃ ልጄ፣ ሰማሁት" አሉ። ያለ ገመድ ስለሚሠራ ነው እንዲህ አጠገባቸው ሆኖ የሚያስተካክልላቸው። ሌላው ሳውንድ ማን ከሩቅ ሆኖ "ይሰማል?" ብሎ ይጮሃል፣ ሽማግሌውም አፍረው "ይሰማል" ይላሉ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ማሲንቆ ሲሰማ ወሬ የሚያቋርጥ ሰው ነበር። ሬዲዮ ላይ ማሲንቆ ከመጣ እናቴ ቡና መቁላቷን ትተው ነበር፣ የምጣዱ ድምፅ እንዳይረብሸው ብላ። የዚያን ዕለት ጋሼ ሲጫወቱ አባቴ አጠገቤ የተቀመጠ ያህል ነው የተሰማኝ። እንባዬ መጣ። ለዚህ ልጅ ይሄንን አልነገርኩትም፣ እዚህ ያንብበው።

ደግሞ አላበቃም። ዝግጅቱ ከተጀመረ በኋላ ልጁ ቦታው ላይ የለም። ደንግጬ ስፈልገው፣ ታብሌቱን ይዞ ከድንኳኑ በስተኋላ፣ እማማዎቹ ከተቀመጡበት ወንበር ጀርባ ቆሟል። እነሱ የሚሰሙትን እየሰማ ነው የሚያስተካክለው። አንዷን ጎንበስ ብሎ "እማማ፣ ይበዛብዎታል?" አላቸው። "ያ ድም ድም የሚለው ልቤን መታኝ ልጄ" አሉት። እዚያው ቆሞ እነሱ በኩል ያለውን ሞንታርቦ ዝቅ አደረገላቸው። እማማ እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። ባለፈው ገና በመጀመሪያው ጩኸት ነበር ከዘራቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው የገቡት።

ክፍያው መጀመሪያ የተስማማንበት ነው፣ አንድ ብር አልጨመረም። ትራንስፖርት አላለም፣ ጄኔሬተር ጠበቅኩ አላለም። ማታ ዕቃውን ጠቅልሎ ሲጨርስ ወንበር ስንሰበስብ አብሮን ሰበሰበ።

እባካችሁ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ቃሊቲ፣ ኮዬ ያላችሁ፣ ሰርግ ይሁን ምርቃት፣ የማኅበር ዝግጅት ይሁን ኮንሰርት፣ ይሄንን ልጅ ጥሩት። በታብሌት ነው የሚሠራው ብላችሁ አትፍሩ፣ እኔ ፈርቼ ነበር፣ አሁን ምስክር ነኝ። ሌላ ሰው ከሆነ የምትቀጥሩት ደግሞ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። የራስህ ራውተር አለህ? ታብሌቱ ቢቋረጥ በምን ትቀጥላለህ? ገመድ ትዘረጋለህ? መብራት ቢሄድ ሚክሰሩን ምን ይይዘዋል? ደንገጥ ብሎ "አታስቡ፣ ችግር የለም" ካላችሁ ትታችሁት ሂዱ። እኛን "ችግር የለም" ያለን ሰውዬ ነው ሜዳ ላይ ያዋረደን።

ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ቶሎ እመልሳለሁ። ለጥር ሰርግ የምትፈልጉት ግን ከአሁኑ ያዙት፣ ቅዳሜና እሁዱ እየሞላበት ነው።