ሶስት ሙዳይና አንድ ሽንብራ፦ ደሴ ስላለንበት የሴቶች መዋጮ ማህበር

ሰሞኑን ሶስት አራት ሰው በውስጥ መስመር "ያ የምትሄጂበት የሴቶች ማህበር እንዴት ነው፣ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ" ብሎ ስለጠየቀኝ አንዴ ዘርዘር አድርጌ ልፃፈውና ሁላችሁም እዚሁ አንብቡት። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ አባል ነኝ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የቀረሁት፣ ስለዚህ የምነግራችሁ በአይኔ ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ። እቁብ አይደለም፣ ደርሶሽ የምትወስጂው ብር የለም። ቅሬም (እድር) አይደለም፣ ሀዘን ሲደርስብሽ ድንኳን አይተከልልሽም። 58 ሴቶች ነን፣ በየሶስት ወሩ 500 500 ብር እናዋጣለን፣ 29,000 ብር ይመጣል፣ እሱን ሙሉውን እዚሁ ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ለሚሰራ አንድ በጎ አድራጎት እንሰጣለን። አንድ ብቻ ነው፣ አይከፋፈልም። ይሄ መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር፣ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ቢደርስ አይሻልም ወይ ብዬ ተከራክሬያለሁ፣ አሁን ግን ገብቶኛል፣ ዘጠኝ ሺ ብር ይዞ የሚሄድ ሰው የሳምንት አስቤዛ ገዝቶበት ያልቃል፣ ሃያ ዘጠኝ ሺ ግን በዚህ ኑሮም ቢሆን የሆነ የሚታይ ነገር ያደርጋል።

አመራረጡ ነው የሚገርመው። እያንዳንዷ አባል የምታውቀውን ድርጅት ስም በወረቀት ፅፋ ትጥላለች፣ ከዛ ልክ እንደ እቁብ እጣ ሶስት ይወጣል። የወጣላቸው ሶስቱ በሚቀጥለው ስብሰባ ይመጡና አስር አስር ደቂቃ ስራቸውን ያስረዳሉ። ስብሰባው በየተራ አባላት ቤት ነው፣ መጀመሪያ ሀጂያ የሆኑት እናታችን ዱአ ያደርጋሉ፣ ቀጥሎ ከክርስቲያኖቹ ትልቋ ትመርቃለች፣ ሁላችንም አሜን እንላለን፣ ወሎ አይደል፣ ማን የማን አሜን እንደሆነ አይለይም። አቦል እየተጠጣ ያስረዳሉ፣ ቶና ላይ ጥያቄ ይጠየቃል፣ በረካ ሳይቀዳ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ በሽንብራ ነው። ለእያንዳንዷ አንድ አንድ ሽንብራ ይታደላል፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሶስት ክዳን ያላቸው ሙዳዮች ተደርድረዋል፣ ገባ ትዪና ልብሽ ያለው ውስጥ ጥለሽ ትወጫለሽ። ቆጠራው በሁሉም ፊት ሰፌድ ላይ ነው። ማንበብና መፃፍ የማይችሉ እናቶች አሉን፣ በወረቀት ቢሆን ኖሮ ሰው ፃፍልኝ ማለት ነበረባቸው፣ በሽንብራ ግን የማንም እርዳታ አያስፈልጋቸውም፣ ማንን እንደመረጡም ማንም አያውቅም።

ሀሳቡን ያመጣችው አሜሪካ እህት ያላት አንዷ አባላችን ናት። እዛ አገር ይሄ ነገር በጣም የተስፋፋ ነው፣ በነሱ አቆጣጠር በ2006 ሚሺጋን ውስጥ ጃክሰን በምትባል ከተማ ካረን ደኒጋን የምትባል ሴት ለአዲስ ወላድ እናቶች የህፃን አልጋ የሚገዛ አስር ሺ ዶላር ያስፈልግ ነበርና መቶ ሴት መቶ መቶ ዶላር ብታዋጣ በአንድ ሰአት ያልቃል ብላ ሰብስባቸው እውነትም አለቀ፣ ከዛ በየከተማው እየተቀዳ ሄደ። ከሷ በፊት ደግሞ በ2001 እዛው አሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ ላይ መቶ ሴቶች አንድ አንድ ሺ ዶላር እያዋጡ መቶ ሺውን ለአንድ ድርጅት የሚሰጡበት ሌላ አይነት ተጀምሮ ነበር። የኛ ከሚሺጋኑ ነው የተወሰደው፣ አንዷ አንድ ድምፅ፣ የሁሉም መዋጮ እኩል፣ ስብሰባው አጭር። ሀጂያ ግን ይሄን ስትነግራቸው "ልጄ ይሄማ ደቦ ነው፣ በእህል ፋንታ በብር ሆነ እንጂ" ነው ያሏት፣ እውነታቸውን ነው።

ከእቁብ የወረስነው አንድ ጥሩ ነገር አለ፣ አንዱን እጣ ለሁለት ወይ ለአራት መካፈል። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሰሩ አራት ልጆች 125 125 ብር እያዋጡ እንደ አንድ አባል ነው የሚቆጠሩት፣ አራቱም ይመጣሉ፣ ሽንብራቸው ግን አንድ ናት። አንድ ጊዜ ከጎናቸው ተቀምጬ ሰምቻቸዋለሁ፣ ያቺን አንዲት ሽንብራ በእጃቸው እያቀባበሉ በሹክሹክታ ሲከራከሩ ሩብ ሰአት ፈጁ፣ አንዷ አይኗ እንባ አቀረረ። ከኛ ውስጥ እንደነሱ አስባ የምትመርጥ አላየሁም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፣ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ እሱን ነው። ብሩ በሶስት ሴቶች ጥምር ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሂሳብ ነው የሚቀመጠው፣ በቴሌብርም በባንክም ማስገባት ይቻላል፣ ደረሰኙ በቴሌግራም ግሩፓችን ይለጠፋል። ለማስረዳት የሚመጣ ድርጅት ሶስት ነገር ይጠየቃል። ከሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለስልጣን የተመዘገበበት ወረቀት፣ የባለፈው አመት ሂሳብ፣ ከዛ ለደሞዝና ለቢሮ የሚያወጣው ስንት እጅ እንደሆነ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳያልፍ ስለሚል ሂሳብ ያዧችን እሱን ሳታይ አታልፍም። ያልተመዘገቡ የሰፈር ሴቶች ስብስቦችም መምጣት ይችላሉ፣ ግን ብሩ በእጃቸው አይገባም፣ እቃው ተገዝቶ ነው የሚሰጣቸው።

መጀመሪያ ያሸነፈው አንድ አረጋውያን የሚረዱበት ቤት ነበር። ዘጠኝ የስፖንጅ ፍራሽ በ3,200 ብር ሂሳብ ተገዛ፣ 28,800፣ የቀረው 200 ለጋሪ ሄደ። ከሁለት ወር በኋላ ስድስት ሆነን ልንጎበኝ ሄድን። የምትንከባከባቸው ሴትዮ አንሶላውን ከጫፍ እየገለጠች አሳየችን፣ በእያንዳንዱ ፍራሽ ስር በማርከር ቁጥር ፅፋበታለች፣ አንድ ሁለት ሶስት እያለ። አምስት ቁጥር የለም። የታለ ስንላት ወደ ጓሮ ወሰደችን፣ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። አንዷ እናት ሽንታቸውን መቆጣጠር አይችሉም፣ ስፖንጁ ሁሉን ይመጠዋል፣ ታጥቦ ደግሞ በደሴ ብርድና ጉም ከጦሳ ተራራ ላይ ወርዶ አላስደርቅ እያለ ሶስት ቀን ይፈጃል፣ እስከዛ ሴትዮዋ ሰሌን ላይ ነው የሚተኙት። "ፕላስቲክ ልባስ ያለው ቢሆን ኖሮ በጨርቅ ጠረግ ማድረግ ነበር" አለች። ለምን አልነገርሽንም አልናት። "ማን ጠየቀኝ፣ ያስረዳው እኮ ስራ አስኪያጁ ነው" አለችን፣ ቅሬታም አልነበረባትም፣ እንደዛው ነው የነገረችን። እዛው ቆመን ስድስታችን አዋጥተን ልባሱን በልብስ ሰፊ አሰፋንላቸው፣ ላስቲኩ ከሰኞ ገበያ ተገዛ። ከዛ ወዲህ ህግ ወጣ፣ ማንም ለማስረዳት ሲመጣ ስራውን በእጁ የሚሰራውን አንድ ሰው ይዞ ይመጣል፣ የሚያጥበውን፣ የሚያበስለውን፣ የሚያስተኛውን። ለኔ የዚህ ማህበር ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ሲሳሳት ሄዶ ያያል፣ ካየ ያስተካክላል።

ቅሬታዬንም ልናገር፣ ካልተናገርኩት ይሄ ፅሁፍ ምንም አይጠቅማችሁም። አስር ደቂቃ አንደበተ ርቱዕ ለሆነ ሰው ነው የምታደላው። ባለፈው አመት አንድ ዙር ላይ (ማን እንደሆነ አልፅፍም) ላፕቶፕ ይዞ፣ የሚያምሩ ፎቶዎች እያሳየ፣ እንግሊዝኛ ቀላቅሎ ያስረዳ ሰው መጣ። ከሱ ቀጥላ የገባችው የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች እናቶች በራሳቸው ያቋቋሙትን ስብስብ ወክላ የመጣች አንዲት እናት ናት፣ ልጇን በጀርባዋ አዝላው ነው የመጣችው፣ ልጁ ስምንት አመቱ ነው። አራት ደቂቃ አወራች፣ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ፣ ዊልቸር ሳይሆን ልጆቹን የሚደግፍ በልካቸው የሚሰራ የእንጨት ወንበር ነው የምንፈልገው፣ አናፂው እዚሁ ሰፈር አለ አለችና ተቀመጠች። ሰፌዱ ላይ ሲቆጠር ስድስት ሽንብራ አገኘች። የኔ ሽንብራ ላፕቶፕ ለያዘው ነበር የገባው። የሱ ሪፖርት በሶስት ወር መምጣት ሲገባው በሰባት ወሩ መጣ፣ ያውም ህፃናት የኛን ማህበር ባነር ይዘው የተነሱት ፎቶ እንጂ ደረሰኝ አልነበረውም። ሂሳብ ያዧ እየደወለች እየሄደች ነው ደረሰኙን ያስመጣችው። ከዛ በኋላ ግማሹ ብር መጀመሪያ፣ ግማሹ ደረሰኝ ሲመጣ እንዲሆን ተወሰነ፣ የህፃን ፊት የሚያሳይ ፎቶም እንዳንቀበል። ግን ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ሶስቱንም ሄደን እንይ ያልኩት እስካሁን አልፀደቀም፣ ጊዜ የለም ይባላል። እኔ ግን ሳላይ ሽንብራ መጣል አቁሜያለሁ፣ የወጡትን ሶስቱን በራሴ ጊዜ እየሄድኩ አያለሁ።

ይሄን ያህል የምጨነቀው ለምን መሰላችሁ፣ 2014ን አስታውሱት። ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉት ትምህርት ቤቶቻችንን ሞልተው እያለ በየሰፈሩ ሴቱ ነበር እንጀራ እየጋገረ ወጥ እየሰራ በባልዲ የሚያመላልሰው፣ ጥቅምት ላይ ጦርነቱ እኛው ጋ ገብቶ እስከ ህዳር መጨረሻ የሆነውን ደግሞ የነበርን እናውቀዋለን። ያኔ የሰጠነውን ማንም አልመዘገበውም፣ ማን በላ ማን ሳይበላ አደረ የሚያውቅ አልነበረም። እናት አበበች ጎበናም ለግሸን ማርያም ንግስ ወደኛው ወሎ መጥተው በረሀቡ ጊዜ ሁለት ህፃናት ይዘው ነው የተመለሱት፣ ስንት ሺ ልጅ ያሳደገው ስራ ከዛ ነው የጀመረው፣ 2013 ላይ እስካረፉ ድረስ አልተዉትም። አንድ ሴት ያንን ከቻለች 58 ሆነን ደረሰኝ መጠየቅ አያቅተንም።

ለመግባት ለምታስቡ። 500 ብሩ ካስቸገራችሁ ሁለትም አራትም ሆናችሁ ግቡ፣ ማንም አያያችሁም በሌላ አይን። ስብሰባው እሁድ ከሰአት ነው፣ ሁለት ሰአት ተኩል ይፈጃል፣ አንድ ሰአት ነው ቢሏችሁ አትመኑ፣ ቡናው አለ። ከኮምቦልቻ የምትመጡ ደራርባችሁ ልበሱ፣ ከታች ሙቀት ወጥታችሁ የሀረጎን ዳገት ስትጨርሱ ነው ብርዱ የሚቀበላችሁ፣ ለመመለስ ደግሞ ሳይመሽ ውጡ፣ ጉም ሲወርድ መንገዱ አይታይም። ስማችሁ እንዲጠራ ወይ ፎቶ እንድትነሱ ከሆነ የምትፈልጉት ይሄ ቦታ አይሆናችሁም፣ የአባላት ስም ውጭ አይወጣም። ለዘመድ ድርጅት ብር ለማስገኘት የምታስቡም አትልፉ፣ ዝምድና ያላት ሽንብራ አይሰጣትም፣ ይሄንን ሁለት ጊዜ ሲሆን አይቻለሁ፣ ማንንም አላሳፈሩም ግን አልፈቀዱም። መጀመሪያ አንድ ስብሰባ እንግዳ ሆኖ ማየት ይቻላል፣ እንደዛ አድርጉ።

የሚቀጥለው ኮምቦልቻ ነው፣ ወረቀት የሚጣልበት ቀን ነው። ያቺ ልጇን አዝላ የመጣችውን እናት ባለፈው ወር ቤቷ ድረስ ሄጄ አየኋት፣ አናፂው በራሱ እንጨት አንድ ወንበር ሰርቶላት ልጁ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ በራሱ እጅ ዳቦ ሲበላ ነው ያገኘሁት፣ አስራ አንድ ልጆች ግን ገና ይጠብቃሉ። ወረቀቴ ላይ የነሱን ስም ፅፌ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።