ከፓምፑ በፊት ወንፊቱ፦ ለአሸዋማ ጉድጓድ የትኛው ስክሪን ይሻላል?

ሥራዬ የጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ መትከልና መንቀል ነው። ስለዚህ ሳልደብቅ ልናገር፤ አሸዋ እንጀራዬ ነው። ጉድጓዱ አሸዋ የሚተፋበት ሰው በዓመት አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ ይደውልልኛል። ይህን የምጽፈው ስልኬ ትንሽ እንዲያርፍ ብዬ ነው።

ባለፈው በጋ መቂ አካባቢ ሽንኩርት የሚያለሙ አንድ አባት ጋ ሄድኩ። ፓምፑ ከተተከለ ገና ስምንት ወሩ ነበር። ነቅለን ፈታነው። የኢምፔለሮቹ (ውሃውን እየተሽከረከሩ የሚገፉት ክንፎች) ጠርዝ ተበልቶ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኗል። ሥሩ የተጣበቀውን ጭቃ አንስቼ በጣቶቼ መካከል አሸት አሸት አደረግኩት። ደቃቅ፣ ግራጫ፣ የሚሻክር አሸዋ ነው።

«ፓምፑ ፎርጂድ ነው አይደል፣ ኢንጂነር?» አሉኝ።

«የለም ጋሼ፣ ፓምፑ ደህና ነበር። ጉድ የሠራዎት ታች ያለው ወንፊት ነው።»

ኋላ ሲያጫውቱኝ፣ ቆፋሪው የብረት ኬዚንጉን፣ ማለትም የጉድጓዱን ግድግዳ የሚይዘውን ቧንቧ፣ እዚያው ሜዳ ላይ በጋዝ እየቀደደ ነበር ያወረደላቸው። ፓምፑን ለመምረጥ ሦስት ሱቅ ዞረዋል። ስለ ስክሪኑ ግን ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

ስክሪን ማለት ውሃ ባዘለው ንብርብር ፊት ለፊት የሚቀመጠው ባለቀዳዳ ቧንቧ ነው። ውሃውን ያሳልፋል፣ አሸዋውን ያስቀራል። ፓምፕ ቢበላሽ ይነቀላል፣ ይቀየራል። ስክሪን ግን አንዴ ወርዶ ዙሪያውን ጠጠር ከተሞላ ወዲያ የትም አይሄድም። ለዚህ ነው ምርጫው ከፓምፑ በፊት መምጣት ያለበት።

ለሁሉም ሰው አይደለም ይህ ጭንቀት። በደጋው ጠንካራ ባዛልት ውስጥ ውሃው የሚመጣው በድንጋዩ ስንጥቅ ስለሆነ አሸዋ ብዙም አያስቸግርም። መከራው ያለው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ)፣ በሐዋሳ ዙሪያ የሐይቅ ደለል፣ የእሳተ ገሞራ አመድና ፓሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ተነባብሮ ነው ያለው። የቆቦ ጊራና ሸለቆም ወፍራም ደለል አለው። መሬታችሁ እንደነዚህ ከሆነ ቀጥሉ።

መጀመሪያ «ስንት አሸዋ ነው ብዙ?» የሚለውን እንጨርስ። ብዙ የሰብመርሲብል (ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚሠራ) ፓምፕ መመሪያዎች በ1 ሜትር ኩብ ውሃ እስከ 50 ግራም አሸዋ ይፈቅዳሉ። ትንሽ ይመስላል። በ20 ሊትር ባልዲ 1 ግራም ነው፤ በሁለት ጣት የምትቆነጥሩት። አሁን አስሉት። በሰከንድ 5 ሊትር የሚሰጥ ፓምፕ በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ 180 ሜትር ኩብ ያወጣል። አሸዋው 9 ኪሎ ይሆናል። በ11 ቀን አንድ ኩንታል! ያ ኩንታል የወጣው ደግሞ ከኬዚንጋችሁ ዙሪያ ነው፤ እዚያ ባዶ ቦታ እየተፈጠረ ነው። ስለዚህ የፓምፑን ወሰን የጉድጓዱ ወሰን አታድርጉት። እኔ በሜትር ኩብ ከ5 ግራም በላይ ሲሆን ፊቴ ይጠቁራል።

ወደ ገበያው እንግባ። በጋዝ ወይም በግራይንደር የተቀደደ ብረት ከሁሉም ርካሽ ነው። ጠንካራም ነው፤ ጥልቀት አያስፈራውም። ግን ቀዳዳው አንዱ 2፣ አንዱ 5 ሚሊሜትር ይሆናል፤ እጅ ነው የቀደደው። ጠርዙ በእሳት ስለተነካ ቶሎ ይዝጋል፣ ሲዝግ ደግሞ ይሰፋል። ክፍት የሆነው ቦታ ከቧንቧው ገጽ 2 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ይህ ቁጥር ለምን እንደሚያስፈልግ ትንሽ ቆይተን እናያለን። ለስንጥቅ ድንጋይ ይሁን፤ ለአሸዋ ግን በነፃም ቢሰጧችሁ አትቀበሉ።

ፒቪሲ በፋብሪካ በመጋዝ የተሰነጠቀ ነው። ስንጥቁ እኩል ነው፤ 0.5 ወይም 0.75 ወይም 1 ሚሊሜትር ብላችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ። አይዝግም፣ ጨዋማ ውሃ አይነካውም፣ ሁለት ሰው ተሸክሞ ይወስደዋል። ክፍት ቦታው 8 በመቶ አካባቢ ነው። ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጥልቀት ሲጨምር የመጨፍለቅ አደጋ ይመጣል፤ እዚህ ላይ የግድግዳው ውፍረት ወሳኝ ነው። የቤት ቧንቧ ገዝቶ በመጋዝ የሚሰነጥቅ ሰው አይቻለሁ፤ ያ ስክሪን አይደለም። ሁለተኛ፣ ሙቀት አይወድም። ውሃው ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ጥንካሬው በግልጽ ይወርዳል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሙቅ ውሃ የሚገኝባቸው ቦታዎች አሉና፣ የጎረቤትን ጉድጓድ ውሃ በእጃችሁ ሳትነኩ አትወስኑ።

ሦስተኛው ሽቦ የተጠመጠመበት አይዝጌ ብረት ነው። ከቀደምት አምራቹ ስም ተነስቶ ብዙ ሰው «ጆንሰን» ይለዋል። ቁመት ባላቸው ዘንጎች ላይ ሽቦ ዙሪያውን እየተጠመጠመ ይበየዳል። የሽቦው ቅርጽ ነው ብልሃቱ፤ ወደ ውጭ ሰፊ፣ ወደ ውስጥ ጠባብ ነው። በዚህ ምክንያት በሁለት ሽቦ መካከል ያለው ክፍተት ውጭ ላይ ጠባብ፣ ውስጥ ላይ ሰፊ ይሆናል። አንድ ቅንጣት ወይ ውጭ ይቀራል፣ ወይ አልፎ ይገባል። መሃል ላይ ተሰክቶ የሚዘጋበት ዕድል ትንሽ ነው። የፒቪሲ ስንጥቅ ግን ቀጥ ያለ ስለሆነ አሸዋ ይሰነቀርበታል። የሽቦው ክፍት ቦታ 20 በመቶና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ዋጋው ግን ያማል፤ ከፒቪሲው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ደግሞ ከተራ ብረት ኬዚንግ ጋር በቀጥታ ሲበየድ መገጣጠሚያው አካባቢ ያለው ተራ ብረት ቶሎ ይበላል። ውሃው ጨው ከበዛበት 304 የሚባለው ሳይሆን 316 የሚባለው ደረጃ ነው የሚያዋጣው።

አሁን ያ የመቶኛ ቁጥር። ውሃ በስክሪኑ ቀዳዳ ሲገባ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ3 ሴንቲሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ከበለጠ አሸዋውን ይጎትታል። ለዚያው ለ5 ሊትር በሰከንድ፣ በ6 ኢንች ቧንቧ፣ ቀዳዳው ሁሉ ክፍት ሆኖ እንኳ፣ የተቀደደው ብረት 16 ሜትር ስክሪን ይፈልጋል። ፒቪሲው 4 ሜትር፤ የሽቦው 1.6 ሜትር። ግማሹ ቀዳዳ በጠጠር እንደሚሸፈን ካሰባችሁ ሁሉንም በሁለት አባዙት። ያኔ ርካሹ ብረት 32 ሜትር ፈላጊ ሆኖ ቁጭ ይላል። ውሃ ያዘለው ንብርብር ራሱ 12 ሜትር ብቻ ቢሆንስ? «በሜትር ስንት ነው?» ብሎ ፕሮፎርማ የሚያወዳድር ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ድረስ ሻጩም ሊነግራችሁ ይችላል። የማይነግራችሁ ጠጠሩን ነው። በኔ ግምት ከስክሪኑ የበለጠ የሚወስነው እሱ ነው።

ይህን ነገር አብጠርጥረው ያጠኑት የነዳጅ ሰዎች ናቸው። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ልል አሸዋ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ አሸዋ መትፋት ከጀመረ ቧንቧውንም ቫልቩንም ይበላል። ስለዚህ ስክሪን አውርደው ዙሪያውን በተመረጠ ጠጠር ይሞላሉ። ሙጫ የመሰለ ኬሚካል ጨምቀው አሸዋውን እርስ በርሱ የሚያጣብቁበት ጊዜም አለ። ሳውሲየር የተባለ ባለሙያ በ1974 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ስሌት እስካሁን ይሠራበታል፦ ጠጠሩ ከአሸዋው መካከለኛ ቅንጣት 5 እስከ 6 እጥፍ ይሁን። የውሃ ሰዎችም 4 እስከ 6 እጥፍ ይላሉ። ሙጫው ለኛ ኪስ አይሆንም። ስሌቱ ግን በነፃ ነው።

ለምን 6? ድቡልቡል ጠጠሮች ተገጣጥመው ሲቀመጡ በመካከላቸው ያለው ክፍተት የጠጠሩን አንድ ስድስተኛ የሚያህል ቅንጣት ያሳልፋል። ጠጠራችሁ 10 ሚሊሜትር ከሆነ 1.5 ሚሊሜትር አሸዋ እየተንሸራሸረ ይገባል። የመሬታችሁ አሸዋ ግን ለምሳሌ 0.3 ሚሊሜትር ነው። ታዲያ ለኮንክሪት የሚሆን 02 ጠጠር በመኪና አምጥቶ መገልበጥ በር ከፍቶ እንደ መተኛት አይደለም? ለ0.3 ሚሊሜትር አሸዋ የሚስማማው ከ1.2 እስከ 1.8 ሚሊሜትር ጠጠር ነው። እሱን የሚይዘው ደግሞ የ1 ሚሊሜትር ስንጥቅ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ አሸዋው ጠጠሩን፣ ጠጠሩ ስንጥቁን ይወስናል። ብዙ ቦታ የሚሠራው በተቃራኒው ነው፤ መጋዘን ውስጥ የተገኘው ስክሪን ይወርዳል፣ ከወንዝ የተገኘው ጠጠር ይጨመራል።

ጠጠሩ ድቡልቡል፣ የታጠበ፣ በወንፊት የተለየ ይሁን። የተፈጨ ድንጋይ አይሁን። ፓሚስማ ጨርሶ አይታሰብ፤ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል! መጠኑም አያስደነግጥም። በ12 ኢንች ቀዳዳ ውስጥ 6 ኢንች ኬዚንግ ሲወርድ ዙሪያውን 7 ሴንቲሜትር ያህል ይተርፋል። 40 ሜትር ለመሙላት 2 ሜትር ኩብ ጠጠር ይበቃል። የጉድጓዱን ዕድሜ የሚወስነው እንግዲህ ይህችው ሁለት ሜትር ኩብ ናት። ኬዚንጉ ወደ አንድ ጎን ተጠግቶ እንዳይቀመጥ ሴንትራላይዘር (መሃል ላይ የሚይዘው ደጋፊ) ይታሰርበት፤ አለበለዚያ በአንዱ በኩል ጠጠር የሚባል ነገር አይደርስም።

ሴፓሬተርስ? ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተገጥሞ ውሃውን እያሽከረከረ አሸዋውን የሚለየው ዕቃ ማለቴ ነው። ለጠብታ መስኖ ጥሩ ነው፤ ድሪፐር (ጠብታ ማውጫው) አይደፈንም፣ ሮቶው ሥር አሸዋ አይጠራቀምም። ፓምፑን ግን አያድንም፤ አሸዋው እዚያ ሲደርስ በፓምፑ ውስጥ አልፏል። ጉድጓዱ አስቀድሞ ለተበላሸበት ሰው ማስታገሻ ነው። እሱ ሰው ፓምፑን በትንሽ ፍሰት ቢያሠራና ከስክሪኑ ትይዩ ከሆነ ከፍ ቢያደርገው ብዙ ለውጥ ያያል። የመቂው አባትም አሁን በዚህ ነው የሚኖሩት።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ጥልቀቱ 100 ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ ያነሰ ከሆነ፣ የሚፈለገውም ለአንድ እርሻ የሚበቃ ከሆነ፣ ወፍራም ፒቪሲ ከትክክለኛ ጠጠር ጋር እገዛለሁ። የተረፈውን ብር የአሸዋውን ቅንጣት በወንፊት ለማስለካትና ለጉድጓድ እጥበት አውለዋለሁ። ሙቅ ውሃ፣ ትልቅ ጥልቀት፣ ወይም ቀጭን ንብርብር ውስጥ ብዙ ውሃ የሚፈልግ ሆቴልና ፋብሪካ ከሆነ የሽቦው አይዝጌ ብረት ዋጋውን ይመልሳል። መጥፎ ጠጠር ውስጥ የወረደ ውድ ስክሪን ግን ጥሩ ጠጠር ካለው ፒቪሲ ያንሳል፤ ሁለቱንም ነቅዬ አይቻለሁ።

ከመፈረማችሁ በፊት ውሉ ላይ ሦስት ነገር ይግባ። ቆፋሪው ውሃ ካዘለው ንብርብር በየሜትሩ ናሙና ይውሰድ፤ ናሙናው በወንፊት ይለካ። ስንጥቁና ጠጠሩ በሚሊሜትር ይጻፍ፤ «ደረጃውን የጠበቀ» የሚል ቃል አይበቃም። በኮምፕረሰር የሚደረገው እጥበት ደግሞ በሰዓት ሳይሆን በውሃው ጥራት ይለቅ። የመጨረሻውን ክፍያ ያዙ። ፓምፕ ቴስቱ (ጉድጓዱ በፓምፕ የሚሞከርበት ሥራ) ሲያልቅ ነጭ ባልዲ ይዛችሁ ሂዱ፣ 20 ሊትር ቅዱ፣ በእጃችሁ አሽከርክሩትና ሩብ ሰዓት ተዉት። መሃሉ ላይ ለመቆንጠጥ የማይበቃ ትንሽ አሸዋ እንኳ ከተጠራቀመ ቼኩን ኪሳችሁ መልሱት፤ ኮምፕረሰሩ ይነሳ።