«ሸንቷል!» ብላ ለደወለችልኝ ሐኪም

ሰው በድመት ሽንት ምክንያት ያለቅሳል ብትሉኝ፣ ባለፈው ወር እስቅባችሁ ነበር። አሁን አልስቅም።

ድመቴ ነብሮ ወንድ ነው፣ ስድስት ዓመቱ። አንድ ቀን ጠዋት አሸዋው ላይ መመላለስ ጀመረ። ቁጢጥ ይላል፣ ያምጣል፣ ምንም የለም። ወጥቶ ታችኛውን ይልሳል፣ እንደገና ይመለሳል። የሆድ ድርቀት መሰለኝ።

እኔስ አላውቅም፤ መጀመሪያ የወሰድኩበት ቦታ ለባለሙያውም ድርቀት መሰለው! እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ሰውየው ነብሮን ከመያዣው እንኳ አላወጣውም። በሩቁ አይቶ «ዘይት ስጪው» አለኝና ቀጣዩን ተረኛ ጠራ። ሌላ ቦታ ስደውል ደግሞ «ድመት ናት እኮ እህቴ፣ ነገ ይሻላታል» ተባልኩ። ወንድ ነው ብዬ እየነገርኳቸው! ነብሮ ጥግ ይዞ ያቃስታል። ጎረቤቴ አዝናልኝ ግማሽ ፓራሲታሞል አመጣችልኝ። አደራ ስጪው ብላ።

ማታ የሥራ ባልደረባዬ ወደዚህች የእንስሳት ሐኪም ላከችኝ። ሊዘጉ ነበር፤ ጋዋኗን አውልቃለች። ድምፁን ከበሩ ስትሰማ ግን መልሳ ለበሰችው። ሆዱን በጣቶቿ ዳሰስ አደረገችና ዝም አለች። ከዚያ «ሽንቱ ተዘግቷል። ከመቼ ጀምሮ ነው? ምን ሰጠሽው?» አለችኝ። ክኒኗን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋት። ፊቷ ተለዋወጠ። ለካ ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ ትንሿ ቁራጭ ልትገድለው ትችላለች። አልሰጠሁትም ስላት ትከሻዬን ያዝ አድርጋ «ጎበዝ፣ እንኳን መጣሽ» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ሳባክን ለዋልኩት ለእኔ! እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ከዚያ ያደረገችውን አትጠይቁኝ። አደንዝዛ ቀጭን ቱቦ አስገባችለት፣ ግሉኮስ ተተከለለት፣ ስለ ኩላሊትና ስለ ልብ አስረዳችኝ፤ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ ይኼ ነው፦ የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጠባብ ነው፤ ጭራሽ ከተዘጋ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ሊገድለው ይችላል። «ነገ ይሻላታል» ያሉኝን አስቡት እስቲ።

እሷ ጋ ሦስት ቀን ቆየ። ቱቦው የወጣ ዕለት፣ በራሱ ካልሸና እንደገና ልናስገባ ነው አለችኝ። ሂጂ ተኚ አለችኝ፤ ማን ይተኛል! እኩለ ሌሊት አልፎ ስልኬ ጮኸ። ልቤ ቀጥ አለ።

«ሸንቷል!»

ሌላ ቃል አልተናገረችም። ስቃ ዘጋችው። ቤቱን በእልልታ ቀወጥኩት፤ ጎረቤት ሠርግ መስሎት ይሆናል። ሰው በዚያ ሰዓት፣ ሥራዋም ሳይሆን፣ እኔ እንድተኛ ብላ ትደውላለች?

ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ግን እባካችሁ፣ ድመትም ውሻም ያላችሁ፣ እሷ ጋ ውሰዱ። የእህቴን ውሻ ክትባት እንኳ ወደ እሷ አዙረነዋል። አትቆጣም፣ አታንጓጥጥም፣ በእጇ ነክታ ታያለች። እሷ በመከረችኝ መሠረት ነብሮ አሁን እርጥብ ምግብ ይበላል፤ ውሃውንም ሁለት ቦታ አስቀምጬለታለሁ።

ወንድ ድመታችሁ እያማጠ ጠብ የማይልለት ከሆነ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻዋን እልካለሁ። ሌሊትም ቢሆን ግድ የለም፤ አሸዋውን ሳላይ አልተኛም።