895 ዶላር ለአንድ ጣውላ ከፈልኩ፤ እናንተ እንዳትከፍሉ

እጄ ላይ ያለው ጀሶ ገና ታጥቦ አልለቀቀም። ዛሬ ጠዋት የሆነውን ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው፤ ካሳደርኩት «እኔም እኮ ጥፋት አለብኝ» እያልኩ አለሳልሰዋለሁ።

ነገሩ የሁለት ሌሊት የቢግፉት ፍለጋ ነው፤ ቢግፉት በሰሜን አሜሪካ ደን ይኖራል የሚባለው ሰው መሰል፣ ፀጉራም ግዙፍ ፍጥረት ነው። ቦታው ዋሽንግተን ግዛት፣ ጊፎርድ ፒንቾት ብሔራዊ ደን። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ፒክአፑ በር ላይ ትልቅ የእግር ዱካ የለጠፈ፣ ስትደውሉለት ከዋጋው በፊት «አንተ ታምናለህ?» ብሎ የሚጠይቅ፣ «ባዶ እጁን የተመለሰ ደንበኛ የለንም» የምትለዋን ቃል ደጋግሞ የሚያነሳ። ያቺ ቃል ብቻዋን ስልኩን ልታዘጋኝ ይገባ ነበር። ፓተርሰንና ጊምሊን እ.ኤ.አ. በ1967 ካሊፎርኒያ ብላፍ ክሪክ ላይ ፍጥረቱን አሳየች የተባለችውን ያቺን አጭር ፊልም ከቀረጹ ወዲህ ስንቱ ደን ለደን ሲንከራተት ኖሮ አንድ አጥንት፣ አንድ ጥርስ ይዞ አልወጣም። ይኼ ሰውዬ ግን በየሳምንቱ መጨረሻ ያገኛል!

ሂሳቡ እንዲህ ነው። 675 ለጉዞው፣ 80 «የዱካ ቅጂ ፓኬጅ» (ዱካው ላይ ጀሶ አፍስሶ ቅርጹን ማውጣት)፣ 140 «የዲኤንኤ ምርመራ»። ግማሹ ቀብድ፣ ቀሪው ደን መግቢያው ላይ በጥሬው። ደረሰኝ የለም። መንገድ ላይ ደግሞ የአካባቢውን አስተዳደር፣ የስካሜኒያ ካውንቲን ሕግ ያነሳል፤ እውነትም ካውንቲው በ1969 ፍጥረቱን መግደል ከልክሎ 10,000 ዶላር ቅጣትና እስከ አምስት ዓመት እስራት ደንግጓል፣ በ1984 ደግሞ አሻሽሎታል። ከዚህ ተነስቶ «ሕግ ከወጣለት አለ ማለት ነው» ይላል። እኔም አንገቴን እነቀንቃለሁ።

የመጀመሪያው ሌሊት ያው የተለመደው ነው። ቢግፉት ግንድ እየመታ ይመልሳል ስለሚባል አስጎብኚው በዱላ ግንድ ይመታል፣ ትንፋሻችንን እንይዛለን፣ ከጨለማው መልስ ይመጣል። «ከኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል» ብሎ ያንሾካሹካል። ድምፅ በአየር ውስጥ የሚሄደው በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ነው። ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ነገር የእኛን ምት ለመስማት ሦስት ሴኮንድ ይፈልጋል፣ መልሱ ተመልሶ እኛ ጋ እስኪደርስ ሌላ ሦስት። ስድስት ሳይሞላ የመጣ መልስ ከቅርብ የመጣ ነው። እኔ በልቤ እቆጥር ነበር፤ «ሁለት» ሳልል መጣ። የመጣው ደግሞ ከደኑ ጥልቅ ሳይሆን መኪና ከሚገባበት የጣውላ ጫኞች መንገድ በኩል ነው። ቆጥሬ፣ አውቄ፣ ዝም አልኩ። ፀጉሬ ቆሞ ነበራ!

የሙቀት ካሜራው ላይ ያየነው «ምስል»ም ያው ነው። በአግድም 160 ነጥብ (ፒክስል) ብቻ ያለው ርካሽ ካሜራ፣ የእይታው ስፋት 24 ዲግሪ ቢሆን፣ 200 ሜትር ላይ አንዱ ነጥብ ግማሽ ሜትር ይሸፍናል። ሁለት ሜትር የሚረዝም ሰው አራት ነጥብ ይሆናል ማለት ነው። አራት ነጥብ አጋዘንም ነው፣ ድብም ነው፣ ሬዲዮ የያዘው የአስጎብኚው ረዳትም ነው። ጩኸቱን ልለፈው፤ ጉጉት፣ ቀበሮና በሴፕቴምበር የሚያናፋ ወንድ ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት) ካሉ ሌላ ተዋናይ አያስፈልግም።

ወደ ጠዋቱ ልምጣ።

ዝናቡ ያቆመው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ነው። አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን አስጎብኚው ከመንገዱ ዳር «ኑ! ኑ!» አለ። ጭቃው ላይ ስምንት ዱካ፣ ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ፣ የእያንዳንዱ ርዝመት 41 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 16። ሜትር አውጥቼ የለካሁት እኔው ነኝ። በዙሪያው ያለው ጭቃ ዝናቡ ጠብጥቦት ፈንጣጣ የነካው ፊት መስሏል። የዱካው ወለል ግን እንደተለሰነ ግድግዳ ልሙጥ ነው። አንድ የጠብታ ምልክት የለበትም። ይህ ማለት ዱካው የታተመው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በእነዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ያን ጊዜ እኛ ድንኳን ውስጥ ነን፤ ረዳቱ ደግሞ «ውኃ ሊቀዳ» ወጥቷል። እኔ ምን አልኩ? «ዛፉ ከልሎት ይሆናል።» እዚያ ቦታ ላይ ዛፍ የለም!

ጥልቀቱ ከዚህ ይብሳል። ዱካው ዳር እስከ ዳር ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ ተረከዙም፣ መሐሉም፣ ጣቶቹም እኩል። የአስጎብኚው ቦት ጫማ አጠገቡ አራት ሴንቲ ሜትር ሰጥሟል። ይህን ያህል እግር ወደ 500 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል። «300 ኪሎ ይመዝናል» ያሉት ፍጥረት ቢረግጠው በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.6 ኪሎ ያርፋል። 90 ኪሎ የሚሆነው አስጎብኚ በ250 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቦት ሲቆም 0.36 ነው። ስለዚህ የፍጥረቱ ዱካ ከቦቱ ጠልቆ መገኘት ነበረበት። ቦቱ ከጠለቀ ግን ያ ትልቅ እግር የተሸከመው የሰው ክብደት ነው፤ ያው 90 ኪሎ 500 ላይ ሲከፈል 0.18 ይሆናል። ሰፊ ጣውላ የሰውን ክብደት ይበትነዋል። የሐሰት ዱካ ብዙ ጊዜ ጥልቀት የሚያጣው በዚህ ነው። የሚራመድ እግር ደግሞ በተረከዝ ያርፋል፣ በጣቶቹ ይገፋል፣ ከጣቶቹ ኋላ ጭቃውን ጉብ ያደርገዋል። እዚህ ጉብታ የለም፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ማኅተም የተመታ ይመስል።

ይኼን ሁሉ እያየሁ ተንበርክኬ ጀሶ በጠበጥኩ።

«አንዱን ብቻ፣ ምርጡን» አለ አስጎብኚው፣ ሦስተኛውን እየጠቆመ። ባልዲው የእሱ ነው፤ ውስጡ ተራ የግንባታ ጀሶ፣ ሁለት እጅ ዱቄት ለአንድ እጅ ውኃ። 80 ዶላሩ ይኼ ነው። እኔ ግን የጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን ጠንካራውን ጀሶ አምስት ኪሎ ይዤ ነበር። ለአንድ ኪሎ ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር ውኃ ገደማ፣ ዚፕ ባለው ላስቲክ ውስጥ እየታሸ፣ እንደ ፓንኬክ ሊጥ እስኪሆን። ለዚህ መጠን ዱካ ከሁለት ኪሎ በላይ ይፈጃል። ከላይ ካፈሰሳችሁት ወለሉን ይቆፍረዋል፤ ከዳር፣ በማንኪያ ጀርባ ላይ እያንሸራተቱ ነው። ቡና ሊጠጡ ወደ መኪናው ሲሄዱ ሰባተኛውን ሞላሁት። እሱም እንደ ሦስተኛው ግራ እግር ነው። የፈለግኩት ማጋለጥ አልነበረም፤ እውነት ለመናገር ለቤቴ ሁለት እንዲኖረኝ ነው የፈለግኩት።

ከአርባ አምስት ደቂቃ በኋላ ሁለቱንም አወጣሁ። ጭቃውን በብሩሽ መፈተግ ያለበት ጀሶው አንድ ቀን ሁለት ቀን ከደረቀ በኋላ ነው፤ አላስቻለኝም፣ ውኃ ብቻ አፈሰስኩበት። ጎን ለጎን ገልብጬ አስቀመጥኳቸው።

የሦስተኛው ዱካ አውራ ጣት ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል ሽርፍራፊ አለች። ጭቃ መሰለችኝ፣ በጥፍሬ ነካሁት። ጀሶ ነው። ዓይኔን ወደ ሰባተኛው አዞርኩ። ያቺው ሽርፍራፊ፣ እዚያው ጠርዝ፣ ወደዚያው አቅጣጫ ዘንበል ብላ። ሜትሩን አወጣሁ፤ ከጣቱ ጫፍ 22 ሚሊ ሜትር፣ እዚህም 22። ከዚያ ተረከዙን አየሁ። ሰያፍ የሆኑ እኩል የተራራቁ ጭረቶች፤ መጋዝ የሄደበት። ከጭረቶቹ መሐል ክብ ነገር፣ ዙሪያውን ቀለበት በቀለበት የሆነ። የእንጨት ጉጥ ነው። ጉጥ ያለው እግር!

ሕያው እግር ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ዱካ አይተውም። ጣቶቹ ይከፈታሉ፣ ይሰበሰባሉ፣ ድንጋይ ሲያገኝ ይታጠፋል። ሰባተኛው ዱካ ሥር የቡጢ ያህል ድንጋይ አለ፤ «እግሩ» ግን ድንጋዩ ላይ እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ብሎ አርፏል።

ሁለቱን ይዤ ወደ መኪናው ሄድኩና ሽርፍራፊዋን አሳየሁት። አልደነገጠም። ቡናውን አንዴ ፉት አለና «እኛ የተዋዋልነው ዱካ ልናሳይህ ነው። የማን ዱካ እንደሆነ ውሉ ላይ የለም» አለ። ውሉን አወጣሁ፤ እውነቱን ነው፣ የለም። ረዳቱ ጎማው ላይ ተቀምጦ ይስቃል፤ በግልጽ ሙድ ያዘብኝ። «ሌሎቹ ደስ ብሏቸዋል፣ አንተ ለምን ታበላሽባቸዋለህ?» አለኝ። ዞር ብዬ ሳይ እውነትም አንድ አባት ልጁን ዱካው አጠገብ አቁሞ ፎቶ ያነሳል። እዚያ ላይ አፌ ተያዘ። ገንዘቤን ስጠይቅ ለሚቀጥለው ጉዞ አሥር በመቶ ቅናሽ ሰጠኝ። ቅናሽ!

ያቃጠለኝ ደግሞ ነገሩ አዲስ አለመሆኑ ነው። በ1958 ብላፍ ክሪክ፣ ካሊፎርኒያ፣ ጄሪ ክሩ የሚባል የቡልዶዘር ሠራተኛ 41 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ ዱካዎች አግኝቶ ጀሶ አፈሰሰባቸው፤ «ቢግፉት» የሚለው ስም ጋዜጣ ላይ የገነነው ያኔ ነው። የሥራው ተቋራጭ ሬይ ዋላስ በ2002 ሲሞት ቤተሰቦቹ ከእንጨት የተጠረቡ ትልልቅ እግሮች አውጥተው አሳዩ። ሁሉም ዱካ የሱ አይደለም ብለው የሚሟገቱ አሉ፤ ይሁንላቸው። እኔ ግን ይህን ታሪክ ለሰው ስተርክ የኖርኩ ሰው፣ በዚያው ልክ በተጠረበ ጣውላ ፊት ተንበርክኬ 895 ዶላር ከፈልኩ። ልኩን እንኳ አልቀየሩትም!

የ140ው ዶላር «ዲኤንኤ» ነገርም አለ። አስጎብኚው ከዛፍ ቅርፊት ላይ ፀጉር በባዶ እጁ ነቅሎ እርጥቡን ላስቲክ ውስጥ ከተተ። ፀጉር በጓንትና በመቆንጠጫ ይነሳል፣ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ይገባል፤ ላስቲክ እርጥበት ይዞ ያሻግተዋል፣ ባዶ እጅ ደግሞ የሰው ዲኤንኤ ይጨምርበታል። ከዚያ ውጤቱ «ለሰው የቀረበ» ተብሎ ይመጣል፤ የአስጎብኚው መሆኑ ነው። በወግ ሲሠራ ምን እንደሚገኝ ይታወቃል። ኤፍቢአይ በ1977 የመረመረው ፀጉር የአጋዘን ዘር ሆነ። በ2014 የዘረመል ተመራማሪው ብራያን ሳይክስ ከየአገሩ የሰበሰበው ፀጉር ድብ፣ ፈረስ፣ ላም፣ ውሻ እያለ ወጣ። በ2017 ደግሞ የየቲ (በሂማላያ ይኖራል የሚባለው ሌላው ሰው መሰል ፍጥረት) ናቸው ከተባሉ ዘጠኝ ናሙናዎች ስምንቱ ድብ፣ አንዱ ውሻ። ወደ ሂማላያ ለየቲ ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ እዚያም ያው ነው፤ በረዶ ላይ ያለ ዱካ ፀሐይ ሲነካው ጠርዙ እየቀለጠ ይሰፋል፣ የድብ የኋላ እግር የፊቱን ሲረግጥ ደግሞ አንድ ረጅም «የሰው» እግር ይሠራል።

የግድ ከሄዳችሁ፦ ደኑ የፌዴራል ነው፣ በክፍያ ሰው የሚመራ ሁሉ ከደን አገልግሎቱ ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው፤ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፣ እኔ አልጠየቅኩም። ጥሬ ገንዘብ አትስጡ። ጀሶ የራሳችሁን ያዙ፣ የአንድ ወገን ሁለት እግር ቅዱ።

ከዚህ በፊት ከዚሁ ደን ቅጂ ገዝታችሁ ቤታችሁ የሰቀላችሁ ካላችሁ፣ ግራ እግር ከሆነ፣ አውርዱና አውራ ጣቱን ከውስጥ በኩል እዩት። ከጫፉ 22 ሚሊ ሜትር ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል ሽርፍራፊ ካለች ጻፉልኝ፤ ቀኑንም ጨምሩ። ያቺ ጣውላ ስንት ዓመት እንደሠራች ማወቅ እፈልጋለሁ።