የድምፅ ጥቅል ትቼ በመተግበሪያ ስደውል ያየሁት

የድምፅና የአጭር መልእክት ጥቅል መግዛት ካቆምኩ ቆየሁ። አሁን የምከፍለው ለዳታ ብቻ ነው፤ ሌላውን ዋትስአፕ፣ ቴሌግራምና ሲግናል ይሸፍኑልኛል። ሥራዬ የመጻሕፍት አርትዖት ስለሆነ ብዙው ጊዜዬ ለደራሲዎች ረቂቃቸውን በስልክ በማንበብ ያልፋል፤ መተግበሪያዎቹንም የምመዝናቸው በዚሁ ነው።

በድምፅ ጥራት መደበኛውን መስመር ያስንቃሉ። የድሮው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ሲሆን፣ «ሠ»ን ከ«ፈ» የሚለየው ፉጨት ግን በአብዛኛው ከዚያ በላይ ያለ ነው። «ሠራ» ብዬ ያነበብኩት «ፈራ» ሆኖ ይሰማና ደራሲው «ማንን ነው የፈራው?» ብሎ ያፋጥጠኛል። አዳዲሶቹ ኔትወርኮች ይህን አሻሽለዋል፤ ነገር ግን ከሁለታችን የአንዳችን ስልክ ወይም መስመር ካልደገፈው ያው ወደ ጥንቱ እንመለሳለን። ብዙዎቹ መተግበሪያዎች በ2012 ደረጃ የወጣለትን ኦፐስ የተባለ የድምፅ መጭመቂያ ስለሚጠቀሙ፣ ዳታው ደህና ከሆነ የወረቀት መገለጥ እንኳን ይሰማል።

የጽሑፉ ነገር ደግሞ በፊደላችን ለምንጽፍ ሰዎች የባሰ ነበር። አንድ አጭር መልእክት 160 ሆሄያት ይይዛል የሚባለው በላቲን ለሚጽፍ ሰው ነው። በአማርኛ ሲሆን ወደ 70 ይወርዳል፣ ከዚያ ካለፈ ደግሞ እየተቆራረጠ በየቁራጩ ይታሰባል። አንዲት አንቀጽ ልኬ የሦስት መልእክት ሒሳብ መክፈል አንገሽግሾኝ ነበር።

የመተግበሪያ ጥሪ «ነጻ» ነው የሚባለውን ግን በልክ ውሰዱት። የድምፅ ጥሪ በደቂቃ ከግማሽ እስከ አንድ ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ ቪዲዮ ሲከፈት ፍጆታው በብዙ እጥፍ ያድጋል። ዋትስአፕ በጥሪ ጊዜ ዳታ የሚቆጥብበት ማስተካከያ አለው፤ ዋይፋይ ከሌላችሁ አብሩት።

እኔን የሚያበሳጨኝ አለመጥራቱ ነው። ስልኩ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ መተግበሪያውን ያስተኛዋል። ጠረጴዛው ላይ ዓይኔ እያየው ጸጥ ብሎ ይቆይና፣ ልከፍተው ሳነሣው «ያመለጠ ጥሪ» የሚል ማሳወቂያ ተደርድሮ አገኛለሁ። በባትሪ ማስተካከያው ውስጥ መተግበሪያው ያለ ገደብ እንዲሠራ ከፈቀዳችሁለት በጣም ይሻላል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይድንም። መደበኛው መስመር፣ ምንም ቢሆን፣ ይጠራል።

ከሦስቱ ዋትስአፕን የማልተወው ሰው ሁሉ እዚያ ስላለ ነው። ረቂቅ ለመላክ ቴሌግራምን የሚያህል አላገኘሁም፤ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል በነጻ ያስተላልፋል። ሆኖም ተራ ንግግሮቹ እንደ ሌሎቹ ሁለቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠሩ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ድርጅቱ እንኳን ሊያነባቸው የማይችል) ስላልሆኑ ያልታተመ ሥራ የምልክለት ሰው ሲግናል እንዲያወርድ እለምናለሁ። ሲግናል ለትርፍ ያልቆመ፣ ማስታወቂያ የሌለው፣ ንጹሕ ነገር ነው፤ ችግሩ ስትከፍቱት የምታውቁት ሰው አለማግኘታችሁ ነው። ባለ ቁልፍ ስልክ ለያዙ አንድ አንጋፋ ደራሲ ደግሞ ሁሉም ስለማይሠሩ በመደበኛው ታሪፍ እደውላለሁ፤ ሲያጫውቱኝ ሒሳቡ ትዝ አይለኝም።

ሲም ካርዱን ለመጣል ያሰባችሁ ካላችሁ ግን ተዉት። ሦስቱም መለያ የሚከፍቱት በስልክ ቁጥር ነው። ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀማችሁበትን ቁጥር የስልክ ድርጅቱ ለሌላ ሰው ሊሰጠው ይችላል፤ ያ ሰው በቁጥሩ ሲመዘገብ የማረጋገጫ ኮዱ የሚደርሰው ለእሱ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ እንዳይዘጋ የሚያስፈልገውን ትንሿን ሒሳብ እየሞላሁ፣ በየመተግበሪያው ሁለተኛ የሚስጥር ቁጥር አስገብቻለሁ። የባንክ ኮድም ቢሆን የሚመጣው በዚሁ ሲም ነው፤ አምቡላንስ ወይም ፖሊስ መጥራት ሲያስፈልግም ዋትስአፕ አይደውልላችሁም።