«አብሽሪ» ስባል ነሐሴ አለቀ

ደሴ ላይ ቲሸርት ወይም ማሊያ ልታሳትሙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። በተለይ እንደኔ ከውጭ የመጣችሁና ፈቃዳችሁ በቀን የተቆጠረ ከሆነ።

የምኖረው ጅዳ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዘንድሮ አርባ አምስት ቀን ተፈቅዶልኝ ሐምሌ መጨረሻ አካባቢ ገባሁ። ክረምቱን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ጅዳ በነሐሴ ከቤት መውጣት ማለት ምድጃ አፍ ላይ መቆም ነው፤ እኔን ደግሞ የናፈቀኝ ጉም ነው። የጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ እስከ አራት ሰዓት አልገለጥም ሲል፣ ከሥሩ ጋቢ ደርቦ አቦሉን መጠጣት። ለዚህ ለዚህማ አንድም ቅሬታ የለኝም።

መንገዱን ባጭሩ ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በረራው በሰዓቱ ተነሳ፣ በሰዓቱ አረፈ፣ ሻንጣዬም አብሮኝ ደረሰ። ኤርፖርቱ በር ላይ ያሉት ሹፌሮች ግን ሻንጣ እንጂ ሰው አያዩም። ዋጋውም እንደ ሻንጣው ክብደት ነው። የአክስቴ ልጅ ከኋላዬ ደርሶ ሁለት ቃል ሲናገር ዋጋው በግማሽ ወረደ። ሐረጎን ስንወጣ ሹፌሩ አፍሮ ነው መሰለኝ መኪናውን አቁሞ በለስ አስልጦ ጋበዘኝ። ሦስት በላሁ። ተቀይሜው ነበር፣ ከበለሱ በኋላ ግን ቂም የሚባል ነገር አልቀረኝም።

ሰፈራችን ቧንቧ ውሃ ነው። ከተማው በኮሪደር ልማት ተቆፋፍሮ ባጃጁ በየት እንደሚዞር የሚያውቀው ባለባጃጁ ብቻ ነው። አንዳንዴ እሱም አያውቅም። ቢሆንም ክረምት ላይ ሰፈሩ ይደምቃል። ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ልጁ ሁሉ ሜዳ ላይ ነው። የበጎ ፈቃድ ወጣቶች ከእኛ በታች ያሉትን አሮጊት ጣራ ቆርቆሮ ቀየሩላቸው፤ አንድ ሳምንት ሙሉ በዝናብ መሃል ሲመቱ ነበር። ችግኝ ተከላም ወጥተናል፤ እኔ ሁለት ተክዬ ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። ነሐሴ 13 ደግሞ ቡሄ ነው። ጎረቤቶቻችን ፍልሰታን እየጾሙ ሙልሙሉን ይጋግራሉ፣ እናቴ ከነሱ ጋር ዱቄቱን ታቦካለች፤ ሐጅ የሄደች ሴት ናት እኮ። ማታ በራችን ላይ «ሆያ ሆዬ» እያሉ ዱላ ከሚደበድቡት ውስጥ ግማሾቹ ጠዋት መድረሳ ያየኋቸው ልጆች ናቸው። ጅዳ ሆኜ በስልክ ቪዲዮ ሳየው እንባዬ የሚመጣው ይኼ ነው።

እንግዲህ ወደ ማሊያው።

የሰፈሩ ልጆች በየክረምቱ ከአጎራባች ሰፈሮች ጋር ዋንጫ ይጫወታሉ። ሽልማቱ ዋንጫና በግ ነው። እውነቱን ለመናገር የሚሯሯጡት ለበጉ ነው። የወንድሜ ልጅ በረኛ ነው፣ አሥራ አራት ዓመቱ። የድሮ ማሊያቸው 2014 ላይ ከተማው በተያዘ ጊዜ ከተቀመጠበት ቤት ጋር ተዘርፎ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ለብሶ ነው የሚሰለፈው። ዳኛው ማን የማን እንደሆነ የሚለየው በፊታቸው ነው። አንጀቴ አልቻለም። «ማሊያው በኔ» አልኩ። ይህን ባልኩ ቀን እናቴ ዝም ብላ አየችኝ። የዚያን አስተያየት ትርጉም የገባኝ በኋላ ነው።

ነሐሴ 3 ቀን አንድ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፣ የሰው እንጀራ ነው። 22 ማሊያ፣ ለአንዱ 650 ብር፣ በድምሩ 14,300። ግማሹን፣ 7,150 ብር፣ ቀብድ በቴሌብር ላክሁ፤ ልጁም ስልኩን አይቶ ደርሶኛል አለ። የሰፈሩን ስም በወረቀት ላይ በትልልቁ ጻፍኩለት። ቁጥሮቹንም ደረደርኩለት። «ነሐሴ 10 ነይ» አለኝ። «ፍጻሜው 18 ነው፣ እንዳታሳፍረኝ» አልኩት። «አብሽሪ እህቴ!»

እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔም ነው። እኔ ባለሁበት አገር አብሽሪ ሲሉሽ አለቀ ማለት ነው። የሳዑዲ መንግሥት እንኳ በስልክ የሚሠራውን አገልግሎት ስሙን «አብሽር» ብሎታል፤ አሠሪዬ የመውጫና የመመለሻ ቪዛዬን ያወጣልኝ በሱ ነው፣ ቁጭ ባለበት፣ ሻዩ ሳይበርድ። ወሎ ላይ ግን አብሽሪ ማለት አይዞሽ ማለት ነው። አይዞሽ የሚባለው ደግሞ ነገር ሲበላሽ ነው። ይህን ልዩነት በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ረስቼው ኖሯል።

ነሐሴ 10 ሄድኩ። መብራት የለም። ይሁን፣ መብራት የማንም ጥፋት አይደለም። በማግሥቱ ሄድኩ። መብራት አለ፣ ጨርቁ የለም። ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው ተባልኩ። «ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ እኮ የጨርቅ ፋብሪካ አለ፣ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው» አልኩት። ሳቀ። «እሱ ሌላ ጨርቅ ነው» አለኝ። ከዚያ ሻይ አዘዘልኝ። ችግሩ ይኼ ነው። የደሴ ሰው ሲያዘገይሽ እንኳ ሻይ ጋብዞ ነው፤ ሻዩን ጠጥተሽ ደግሞ መጮህ ነውር ነው። ጅዳ ቢሆን እጮህ ነበር። እዚህ ግን ልጁ የእናቴን ጤና ይጠይቀኛል፣ ወንበር ያቀርብልኛል፣ ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጪ ይለኛል፤ እኔም ተናድጄ ገብቼ አመስግኜ እወጣለሁ።

ቡሄ ዕለት ዝግ ነው። ነሐሴ 14 ቀለም አልቋል። 15 ሠራተኛው ታሟል፤ ይማረው አልኩ። 16 የፍልሰታ በዓል ነው፣ ማን ማሊያ ያትማል። ባጃጁን ራሱ ብትቆጥሩት፣ ደርሶ መልሱ፣ በየቀኑ፣ ያውም በተቆፈረ መንገድ እየዞሩ፣ የሁለት ማሊያ ዋጋ አወጣሁ። የወንድሜ ልጅ ማታ ማታ «እትዬ፣ ደረሰ?» ይለኛል። እኔም ሳላስበው «አብሽር» ማለት ጀመርኩ።

ቅዳሜ ነሐሴ 17፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ተደወለ። ደርሷል። በዝናብ ሮጬ ሄድኩ። ጥቁር ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እጄን ስዘረጋ ልጁ ካልኩሌተሩን አወጣ። «ከነቫቱ የቀረሽ 9,295 ብር ነው።»

ስንስማማ ቫት የሚል ቃል አልተነሳም። 2,145 ብር ከየት መጣ? እሺ፣ ሕግ ከሆነ ሕግ ነው፣ 15 በመቶውን ልክፈልና ደረሰኝ ቁረጥልኝ አልኩት። «የደረሰኝ ማሽኑ ተበላሽቷል።» ታዲያ ደረሰኝ ከሌለ ይሄ ቫት ለማን ነው የሚገባው? አንገቱን አከከ። ትንሽ አሰበና «በቃ አንቺ ስለሆንሽ አንድ ሺህ ጨምሪና እንለያይ» አለኝ። ቫት ላይ ስከራከር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ሳዑዲም ቫቱ 15 ነው፤ ግን ከማሽኑ ወጥቶ ወረቀት ላይ ይታያል እንጂ በአንገት ማከክ አይሰላም። ጨዋታው ነገ ነው፣ ሰዓቱ መሽቷል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከፈልኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ አንድ ሺህ ብሩ አይደለም፣ ከፍዬ ስወጣ «አመሰግናለሁ» ማለቴ ነው።

ቤት ገብተን ፌስታሉን ፈታነው። ልጆቹ ተሰብስበዋል። የመጀመሪያው ማሊያ ሲዘረጋ ዝም አሉ። ከዚያ አንደኛው ፈነዳ፣ ሁሉም ተከተሉት። «ቧንቧ ውሃ» የነበረው «ቦንባ ውሃ» ሆኖ ታትሟል። ሃያ አንዱም ላይ። አዎ፣ ሃያ አንድ ነው፤ የበረኛው የለም። 7 ቁጥር ሁለት ነው፣ 4 ቁጥር የለም። ልጆቹ «ቦንባ! ቦንባ!» እያሉ ሲዘሉ እናቴ ከጓዳ ወጣች። «ይህን ቃል በዚህ ቤት አትጥሩብኝ!» አለች። ድምጿ ሌላ ነበር። ልጆቹ ወዲያው ጸጥ አሉ። እኔ ያንን የጦርነት ጊዜ ጅዳ ሆኜ በስልክ ነው የሰማሁት፣ እሷ ግን እዚሁ ነበረች።

አሁን ደግሞ ያለ ምንም ቅሬታ የማመሰግናቸውን ሰው ልንገራችሁ። እሑድ ጠዋት ማሊያዎቹን ተሸክሜ የሰፈራችን በረንዳ ላይ የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ ጋ ሄድኩ። ልጅ ሆኜ የትምህርት ቤት ቀሚሴን ያሳጠሩልኝ ናቸው። ያው ሲንጀር፣ ያው የእግር መርገጫ። መነጽራቸው ብቻ ወፍሯል። «አባባ፣ ለዘጠኝ ሰዓት ይደርስልኛል ብለው ነው?» አልኳቸው። አብሽሪ አላሉኝም። ማሊያውን ገለባብጠው አዩት፣ ጣታቸውን በስሙ ላይ አስኬዱት፣ «ስሙ እንኳ ይከብዳል፤ ቁጥሩን ግን ቁጭ ብለሽ ውሰጂ» አሉኝ። ከተረፈ ጥቁር ጨርቅ ላይ በኖራ 4 ቁጥር ሳሉ። በመቀስ ሲቆርጡት እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ጨርቁ መርፌው ሥር ሲገባ ግን መንቀጥቀጡ ይቆማል። አንዱን 7 ሸፍነው ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ሰፉት። ስሙንም እንዲሁ አልተዉትም። ከበረኛው በቀር ቋሚ ተሰላፊ የሆኑት የአሥሩ ልጆች ማሊያ ላይ ያለውን ስም በጥቁር ቁራጭ ሸፍነው ሰጡኝ፣ «ስም የሌለው ይሻላል፣ እናትሽ እንዳታዝን» ብለው። ለካ የቤታችን ወሬ ከኔ ቀድሞ ደርሷል።

ስንት ልክፈል ስላቸው የነገሩኝ ዋጋ ሻይና ዳቦ አይገዛም። ጨምሬ ሰጠኋቸው፣ መለሱልኝ። «አንቺ ለልጆቹ አወጣሽ፣ እኔ ደግሞ ክር ላውጣ እንጂ፤ አላህ አፍያ ያድርግሽ» አሉኝ። ልብስ የምታሰፉ ካላችሁ ቧንቧ ውሃ መጥታችሁ በረንዳ ላይ የሚሰፉት አባባ የት አሉ በሉ፣ ሕፃን ልጅ ያሳያችኋል።

የወንድሜ ልጅ በረኛ ሆኖ የገባው የኔን ሮዝ ሹራብ ለብሶ ነው። ጅዳ ገበያ አዳራሾች ውስጥ ኤሲው ሲያንዘፈዝፈኝ የገዛሁት። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፣ ሹራቡ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቀለሙን ቀየረ። 2 ለ 1 ተሸነፍን፣ በጉም ወደ ሌላ ሰፈር ተነዳ። ልጁ ግን አንድ ፍጹም ቅጣት ምት አድኗል። ሹራቡን አልመለሰልኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

ስለ ቀሪው ከጠየቃችሁኝ፦ ሪያሉን የቀየርኩት ባንክ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ከሆነ በኋላ የባንኩና የውጪው ዋጋ እንደ ድሮው በእጥፍ አይራራቅም፣ ስለዚህ በየጓዳው መሽሎክሎኩ አያዋጣም። ወረፋው ግን ምሳ ይዛችሁ ሂዱ የሚያሰኝ ነው። ሐይቅ ወርደን ዓሣ በልተናል፤ ጥብሱ ለብቻው መንገዱን ያስረሳል፣ ሒሳቡም በወረቀት ተጽፎ መጣ። ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ለማስታወሻ። ሹሩባ የሠራችልኝ ልጅ አራት ሰዓት ሙሉ ቆማ በተስማማነው ዋጋ ሸኘችኝ።

ማሊያ ለማሳተም የግድ ከሆነባችሁ፣ ዋጋውን «ከነቫቱ» ብላችሁ በወረቀት አስፈርሙ። አንዱን አትመው ሳያሳዩዋችሁ የቀረውን እንዳያትሙ ንገሯቸው። የምትፈልጉበትን ቀን ደግሞ በሁለት ሳምንት ቀንሳችሁ ተናገሩ። ሻይ ካዘዙላችሁ አትጠጡ።

ጳጉሜን 2 ተመለስኩ። ዓደይ አበባውን ሳላየው፣ ሦስት ቀን ሲቀረው። ኢቃማዬ፣ የሳዑዲ መኖሪያ ፈቃዴ፣ እንቁጣጣሽን አያውቅም። መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ላይ እያለሁ ስልኬ ጠራ፣ የኢትዮጵያ ቁጥር። እናቴ መስላኝ ደንግጬ አነሳሁት።

«እህቴ፣ እንኳን አደረሰሽ! የበረኛው ማሊያ ደርሷል፣ ነገ ነይና ውሰጂ።»

«ጅዳ ነኝ እኮ» አልኩት።

«አብሽሪ» አለኝ፣ «እናስቀምጥልሻለን።»