ሐዋሳ ሆኜ ዴልሂ ያለው ሐኪሜ ሲከታተለኝ

ወንድሜ ኩላሊቱን ከሰጠኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ንቅለ ተከላው የተደረገልኝ ዴልሂ ነው። ወደ ሐዋሳ ስመለስ ሆስፒታሉ "ክትትልሽ በቪዲዮ ይቀጥላል" ሲለኝ ደነገጥኩ። ሐኪም ሳይነካኝ ምን ያውቅልኛል? አሁን ግን በዚህ አገልግሎት ስለቆየሁ፣ ለሚያስቡበት ሰዎች የምለው አለኝ።

ከቀጠሮዬ አንድ ሳምንት ቀደም ብዬ ደም እሰጣለሁ። ሰውነቴ ኩላሊቱን እንዳይገፋ የምወስደው ታክሮሊመስ የሚባለው መድኃኒት በደም ውስጥ ሲለካ፣ ደሙ የሚቀዳው የጠዋቱ ኪኒን ከመዋጡ በፊት ነው። ስለዚህ ማታ 2 ሰዓት የዋጥኩ እንደሆነ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላብራቶሪ እገኛለሁ። ልክ እንደተቀዳሁ እዚያው ወንበር ላይ በያዝኩት ውሃ እውጣለሁ። ሲጨምር የኩላሊቴን መድከም የሚያሳየው የክሬቲኒን ውጤት በዚያው ቀን ይደርሳል። የታክሮሊመሱ ናሙና ግን አዲስ አበባ ስለሚላክ አራት አምስት ቀን ይፈጃል። ውጤቶቹን ከደብተሬ ጋር ፎቶ አንስቼ በዋትስአፕ እልካለሁ። ደብተሩ ላይ የጠዋት ክብደቴ፣ የጠዋትና የማታ ደም ግፊቴ፣ ሙቀቴም አለ።

ከሰዓቱ ተጠንቀቁ። ዴልሂ ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል። የመጀመሪያ ቀጠሮዬን "10፡30" ብለው ጻፉልኝ። እኔ ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል መሰለኝ። ለካ የእነሱ ሰዓት ኖሯል፤ ለእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ነው። ስደውል ዶክተሩ ወጥቷል። ሌላ ቀጠሮ ለማግኘት 11 ቀን ጠበቅኩ፤ የከፈልኩትም አልተመለሰልኝም። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት በካርዷ የምትከፍልልኝ። እንዲህ ዓይነት ዘመድ የሌለው ሰው በጣም ይቸገራል።

ይህ ሁሉ እያለ ለምን ቀጠልኩ? በግንቦት የሆነውን ልንገራችሁ።

ሳል ያዘኝና አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ንቅለ ተከላ እንዳደረግኩ ተናገርኩ። ክላሪትሮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ሰጡኝ። በሦስተኛው ቀን አምስተኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ልጆቹ ዝም ብለው አዩኝ። በእረፍት ሰዓት የመድኃኒቱን ፓኮ ፎቶ አንስቼ ለክትትል ነርሷ ላክሁ። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ደወለችልኝ። ይህ አንቲባዮቲክ ጉበት ታክሮሊመስን እንዳያስወግድ ስለሚያግድ፣ መድኃኒቱ ደሜ ውስጥ እየተከማቸ ነው አለችኝ። "አሁኑኑ አቁሚ፣ ዛሬውኑ ደም ስጪ" አለች። ክሬቲኒኔ ከ1.1 ወደ 1.6 ወጥቶ ነበር። በዚያው ምሽት ዶክተሩ ራሱ በቪዲዮ ገብቶ ታክሮሊመሱን ለጊዜው አስቆመኝ፤ ለሳሉም ሌላ መድኃኒት አዘዘልኝ። የታክሮሊመሱ ውጤት ከቀናት በኋላ ሲመጣ 19 ነበር። የተለመደው የእኔ 7 ወይም 8 ነው። በሁለት ሳምንት ክሬቲኒኔ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ያን ቀን ነርሷ ባትደውል ኖሮ ኪኒኑን ሳልጨርስ አላቆምም ነበር።

አስተርጓሚዋ ኢትዮጵያዊት ናት። ቃል ብቻ አይደለም የምታስተላልፈው። አንድ ጊዜ ዶክተሩ ስለ ምግብ ሲጠይቀኝ ጥሬ ሥጋ እንደተውኩ ነገርኩት። እሷ ግን "እህቴ፣ ሐዋሳ አይደለሽ? ዓሣውስ?" አለችኝ። እውነትም ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ስሄድ ጥሬ ዓሣ እቀምስ ነበር። ስትነግረው ዶክተሩ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። የምወስዳቸው መድኃኒቶች ሰውነቴ ኩላሊቱን እንዳይገፋ የመከላከል አቅሜን ዝቅ ስለሚያደርጉ፣ ሌላ ሰው የማይጎዳው ተህዋሲ እኔን ሊጥለኝ ይችላል። ከዚያ ወዲህ በደንብ የተጠበሰ ብቻ ነው የምበላው።

ጉድለቱን ደግሞ ልናገር። የተተከለው ኩላሊት ያለው ከእምብርቴ በታች በቀኝ በኩል ነው። እዚያ ሲያመኝ "በጣትሽ ጫን አድርጊው" ይሉኛል። የእኔ ጣት ምን ያውቃል? እዚህ ያለ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ስሄድ ደግሞ "እነሱ ምን አሉ?" ይለኛል። የምሰጠው ወረቀት የለኝም። በየቀጠሮው መጨረሻ አንድ ገጽ ደብዳቤ እንዲልኩለት ሦስት ጊዜ ጠይቄአለሁ፤ እስካሁን የለም። መብራት ሲሄድ ወይም ኔትወርክ ሲደክም ቪዲዮው ይቆማል፤ ያኔ በድምፅ ብቻ እንቀጥላለን። እሱ አያስከፋኝም። ደብዳቤው ግን ያስከፋኛል። ከአምስት አራት የምሰጣቸው ለዚህ ነው።

ከአዲስ አበባ አልቀረሁም። በየስድስት ወሩ ሄጄ በአልትራሳውንድ እታያለሁ። ሌላውን ግን ክፍል ሳልዘጋ፣ የአውቶቡስና የአልጋ ሳላወጣ እዚሁ እጨርሳለሁ።

ባለፈው ቀጠሮ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። ሁልጊዜ የምትከታተሉት እኔን ነው፤ ኩላሊቱን የሰጠኝስ? ዶክተሩ ትክክል ነሽ አለ። ለጋሹም በየዓመቱ ደም ግፊቱ፣ ክሬቲኒኑና የሽንት ፕሮቲኑ መታየት እንዳለበት ነገረኝ። በዚህ ወር ቀጠሮ ወንድሜ አጠገቤ ተቀመጠ። ግፊቱ ጥሩ ነው። ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን የለም። ክሬቲኒኑ 1.2 ነው።